ጋሽ ዘርጋው ወንበር ሲያቀርቡ

ጋሽ ዘርጋው መሞታቸውን የነገረኝ የገደላቸው ሰው ነው። ገደላቸው ስል ጩቤ መዝዞ አይደለም፤ ስማቸውን ገድሎ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆመው ሄዱ እንጂ የሞቱስ ያን ቀን ነበር።

አቶ ጌታነህ ይባላል። የምሠራበት የሳሙና ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ነው። ፊት ለፊት "አቶ" እና "እርስዎ" እያልኩ ስንት ጊዜ አጎንብሼለታለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱ አልለውም። ጠዋት መቆጣጠሪያ ክፍሌ በር ላይ መጥቶ ቆመና ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ክብሪት ጫረ።

"ሰናይት፣ ያ ዘርጋው አረፈ አሉ። ደም ግፊት ነው። ነፍስ ይማር። ሠልስቱ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ተወክለን እንሄዳለን፤ አንቺም ተዘጋጂ" አለኝ።

ክብሪቱን አራግፎ አጠፋና እንጨቷን እግሬ ሥር ጣላት። እንጨቷን አየኋት፤ ደሜ ፈላ። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው ጭሱን እየተፋ ሄደ።

ሰው ሲሞት "ደግ ነበር፣ ለሰው አዛኝ ነበር" እየተባለ የሚወራው ወሬ አይጥመኝም። የፋብሪካችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ የነበሩት፣ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ዘርጋው ደግ አልነበሩም። ቂመኛ ነበሩ። የኮልፌ ቂመኞች ተሰብስበው ሊቀመንበር ቢመርጡ ያለ ተቃዋሚ የሚመረጡት እሳቸው ነበሩ። እኔም የወደድኳቸው በዚሁ ጠባያቸው ነው።

አንድ ጊዜ የታክሲ ረዳት 18 ማዞሪያ ላይ "ወራጅ አለ!" እያሉ ሲጮኹ ሰምቶ እንዳልሰማ አሳልፎ ወሰዳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይረሳዋል። እሳቸው የታክሲዋን ታርጋ በቃላቸው ያዙ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ታክሲ ስትመጣ ዝናብ ቢያወርደውም አይሳፈሩም። ረዳቱ ሥራ ቀየረ፣ ታክሲዋም ተሸጠች፣ እሳቸው ወይ ፍንክች!

"ጋሽዬ፣ አሁን እኮ ሌላ ሰው ነው የያዛት" አልኳቸው አንድ ቀን ዝናብ ላይ ቆመን።

"መኪናዋ ግን ያቺው ናት" አሉኝ።

የተቀየሙት ሰው ቤታቸው ሲመጣ ግን አይሰድቡትም፤ አያባርሩትም። ወንበር ያቀርቡለታል። ቤታቸው እዚያው ኮልፌ ነው፤ ዘመድ የሆነ፣ የሚወዱት የሆነ ሰው ሲገባ መደቡ ላይ ፍራሹ ላይ ዘፍ ይላል፤ ማንም "ተቀመጥ" አይለውም። የተቀየሙት ሲመጣ ግን ብድግ ብለው ጓዳ ይገባሉ። ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው ይመጡና በመዳፋቸው ጠርገው "ይቀመጡ እርስዎ" ይሉታል። በቃ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው እንግዳ ነው። የባለቤታቸው የእትዬ ወርቄ ታናሽ ወንድም፣ እሳቸው አዝለው ያሳደጉት ሰው፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተራቸውን ሰብሮ "አላየሁም" ቢላቸው ያችን ወንበር አቀረቡለት። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ፣ ያቀረቡለትን ሳይቀምስ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

እትዬ ወርቄ የዋህ ናቸው፤ የጎረቤት ዶሮ ላይ እንኳ አይቆጡም። ይህን ሲያዩ ይንገበገቡ ነበር።

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! አንተ ሰውዬ፣ በምን አፍህ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትስመው?"

"እኔ ለልመና መች ሄድኩ?" ይሉ ነበር ጋሽ ዘርጋው። "ክስ ላቀርብ ነው የምሄደው።"

ለእኔ ደግሞ በሌላ ቀን፣ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ተጣልቼ ስንጨረጨር አግኝተውኝ፣ "ነይ እስቲ ሰኒ" አሉኝ። "ቂም እንደ ቅቤ ነው። ካላነጠርሽው ይሻግታል። ምን አደረገሽ? መቼ? ማን አየ? እነዚህን ለይተሽ ያዥ። ጩኸቱ አረፋ ነው፤ ግፈፊና ድፊው። የነጠረ ቂም ዓመትም ቢቀመጥ አይበላሽም።"

እሳቸው ይህን የተማሩት ከሰው ሳይሆን ከኮንትሮለሩ ይመስለኛል። የፋብሪካችን ማሽኖች በሙሉ በገመድ ነው የሚነጋገሩት። ገመዶቹ መጥተው የሚሰኩት ስዊች የሚባል ሳጥን ላይ ነው፤ ስምንት መሰኪያ አለው፣ እያንዳንዱ ፖርት ይባላል። ከጎኑ ያለው ኮንትሮለር ደግሞ ማን ይሙቅ፣ ማን ይዙር፣ ማን ይቁም እያለ ፋብሪካውን ያዛል። አንድ ገመድ ከተነቀለ ወይም ከተቆረጠ ኮንትሮለሩ ያን ማሽን አያየውም፤ ማሽኑ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ስዊቹ "ይኸኛው ፖርት ወድቋል" ብሎ እንዲናገር፣ ኮንትሮለሩም ቀይ መብራት አብርቶ ሳይረን እንዲያስጮህ ትእዛዝ ይሞላበታል። ይህን ሁሉ ፖርት በፖርት ቁጭ ብለው የሞሉት ጋሽ ዘርጋው ናቸው።

ለፖርቶቹ ቁጥር አልሰጧቸውም። የታክሲ ፌርማታ ስም ነው የሰጧቸው። ለእኛ ክፍል ቅርብ የሆነችው ማሸጊያ ማሽን 18 ማዞሪያ ተባለች፤ ራቅ ያለው ቦይለር አስኮ፤ ከግቢው ጥግ ያለው ትልቁ የሳሙና ማብሰያ ጋን ደግሞ ሳንሱሲ። ነጭ ፕላስተር ቆርጠው በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈታቸው ጽፈው በየገመዱ ላይ ለጠፉ። ኮንትሮለሩም ውስጥ የሞሉት ያንኑ ስም ነው። አቶ ጌታነህ "ይህ ፋብሪካ ነው መናኸሪያ?" እያለ ያሾፍ ነበር። እኛ ግን በሁለት ቀን ሁሉንም በቃላችን ያዝነው።

ሥራ በጀመርኩ ቀን አንዱን ገመድ ሳያስጠነቅቁኝ ነቀሉት። ሳይረኑ ሲያንባርቅብኝ ብርግግ ብዬ ትንሿን ቀይ ማጥፊያ ልጫን እጄን ሰደድኩ። እጄን በጥፊ መቱኝ።

"መጀመሪያ እዪ! ከዚያ ዝም አሰኚው። ሳታይ ዝም አታሰኚ። ማን ነው የወረደው?"

"ሳ... ሳንሱሲ።"

"ወራጅ አለ በያ!"

"ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ፤ ማሸጊያ ክፍል ያሉት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖርት በወደቀ ቁጥር መጀመሪያ ያንን መጮህ፣ ቀጥሎ መብራቱን ማየት፣ ከዚያ ማጥፊያዋን መጫን ደንባችን ሆነ።

ለየፖርቱ የትዕግሥት ልክ ሰጥተውታል። 18 ማዞሪያ ገመዷ ቢወላከፍ ኮንትሮለሩ አምስት ሰከንድ ይጠብቃታል። "ሰውም ይደናቀፋል፤ በተደናቀፈ ቁጥር አይጮህበትም" ይሉ ነበር። ሳንሱሲ ላይ ግን ዜሮ ሞሉ። "እዚያ የፈላ ሳሙና አለ፤ አጠገቡ የሰው ልጅ ቆሟል። እዚያ ላይ ትዕግሥት የለኝም" አሉኝ፤ ሲሞሉትም አጠገባቸው ሆኜ አይቻለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ የተካደው ይኸው ነው።

ኮንትሮለሩ የማስጮህ ብቻ አይደለም ሥራው። ማን ወደቀ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማጥፊያዋ መቼ ተነካች፣ መቼ ተለቀቀች፣ ሁሉንም መስመር በመስመር ይጽፋል። ሰዓቱን እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው የሞሉለት፤ "ኮልፌ ተቀምጦ በማን ሰዓት ሊቆጥር ነው?" ብለው። ጀርባውን እንደ ሰው መታ መታ እያደረጉ "ይህ ወንድሜ ነው" ይሉኝ ነበር። "አፉን ታፍኚዋለሽ፤ አይረሳም።"

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። የምሸሸው ቀን ነው።

መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ፖርቶቹ በሙሉ አንድ ላይ ወድቀው አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ሳይረኑም ግቢውን ያናውጠዋል። ያን ቀን ጠዋት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። ጋሽ ዘርጋው ጎረቤት ሞቶባቸው ቀብር ሄደዋል፤ አስፈቅደው። አቶ ጌታነህ ደግሞ ትልልቅ ደንበኞች ፋብሪካውን ሊያዩ መጥተውለት ከራባቱን አስሮ ይዞራል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ እየሮጠ መጣ።

"ይህን ውሻ ዝም አሰኚልኝ አላልኩሽም?"

"አቶ ጌታነህ፣ መብራት ሲመጣ እኮ..."

አልሰማኝም። ሳጥኑና ማጥፊያዋ ያሉበት ካቢኔ ጋሽ ዘርጋው ሲወጡ ይቆለፋል፤ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ጋሽ ዘርጋው ኪስ፣ ሌላው እሱ ዘንድ። በራሱ ቁልፍ ከፈተው። ከኪሱ ክብሪት አወጣ፤ አንድ እንጨት መዞ ከወገቧ ቀነጠሳት፤ ማጥፊያዋን በአውራ ጣቱ ተጭኖ እንጨቷን በጠርዟ ሸጎጣት። ማጥፊያዋ እንደተጫነች ቀረች።

"እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው" አለኝ። "አንቺ ሂጂና ማሸጊያዋን እይልኝ።"

ካቢኔውን ክፍቱን ትቶት ሄደ፤ በሁለት ጥፍሬ ልነቅላት እችል ነበር። "እሺ" ብዬ ሄድኩ።

የሳንሱሲን ገመድ እንፋሎት ሲልጠው ከርሟል፤ ያን ቀን ለይቶለት ተበጠሰ። ኮንትሮለሩ ጋኑን ማየት አቆመ፤ ቀይ መብራቱን አበራ፤ ሳይረኑ ግን አፉ ተሸጉጧል። ጋኑ ዝም ብሎ መጋሉን ቀጠለ። እኔ የሰማሁት ሳይረን ሳይሆን የሰው ጩኸት ነው። ውድነሽ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ጋኑን ስታማስል ገንፍሎ ከጉልበቷ በታች ሁለቱንም እግሯን ልጦት ነበር። ሰዎች አፋፍሰው ሲያወጧት አየሁና ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ሮጥኩ። አቶ ጌታነህ ቀድሞኝ ገብቷል። እንጨቷን በጥፍሩ መንቅሮ አወጣትና የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

"ዘርጋው ሳንሱሲ ላይ አላርም አልሞላም ነበር፣ አይደል?" አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሽ ዘርጋው ከቀብር መልስ ጥቁር ልብሳቸውን ሳያወልቁ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

"ሳይረኑ ጮኋል?" አሉኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

"አልጮኸም።"

"ለምን አልጮኸም?"

ጋሽ ዘርጋው አዩኝ። ተረጋግተው ነበር፤ ያስተማሩኝን የምናገር መስሏቸዋል።

"አላውቅም" አልኩ።

ምክንያት አለኝ። ምክንያት የሌለው ፈሪ አይቼ ስለማላውቅ ምክንያቴን እዚህ አልደረድረውም። እሳቸው ሳንሱሲን አልሞሉም ተብለው፣ ሳጥኑን ልክፈት ቢሉም ሳይፈቀድላቸው በዚያው ቀን ተባረሩ። ለበር ጠባቂው እንዳያስገባቸው ተነገረው። የእሳቸው ወንበር ለእኔ ተሰጠ፤ ያችው የተቀመጡበት ቦታ ጎድጉዳ የቀረች ወንበር። ተቀመጥኩባት።

በዚያው ሳምንት፣ አቶ ጌታነህ ምሳ ሲወጣ፣ የዚያን ቀን ሪከርድ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። እሱ ሳጥኑ መጻፉንም አያውቅም፤ ካልጮኸ ምንም አልሆነም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ፍላሿን ላስቲክ ጠቅልዬ ቤቴ የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበርኳት። ለምን ገለበጥሽ ብትሉኝ፣ እንዲጠፋ አልፈለግኩም። ለምን ደበቅሽ ብትሉኝ፣ እንዲታይም አልፈለግኩም።

ጥቂት ቀናት ቆይተው ጋሽ ዘርጋው 18 ማዞሪያ ታክሲ ስወርድ ጠበቁኝ። ሻይ ቤት በራፍ ላይ ያለች አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እንደ ድሮው።

"ልጄ፣ እዚያ የሚያስገቡት አንቺን ብቻ ነው" አሉኝ። "ሪከርዱን አውጪልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም። ኮሚቴ ፊት ያልሽውንም አላነሳብሽም። ሳንሱሲን መሙላቴ ብቻ ይታይልኝ። ሰፈሩ ሁሉ እግር ያቃጠለው እያለኝ ነው።"

ሳጥኑ የሚይዘው መስመር ልክ አለው፤ ሲሞላ አዲሱ አሮጌውን ይገፋዋል። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተማርኩትን መልሼ ዋሸሁበት።

"ተገፍቷል ጋሽዬ። መብራት እየሄደ እየመጣ ሞላና ተገፋ።"

አንገታቸውን ደፉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በጣታቸው ይቆጥራሉ። መስመሩን ነበር የሚያሰሉት።

"በቀን ሃያ ጊዜ መብራት ቢሄድ እንኳ እስከ መስከረም አይገፋም" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ነኝ የሞላሁት።"

ብድግ አሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ገቡ። ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡና አጠገቤ አስቀመጡት። በመዳፋቸው ጠረጉት።

"ይቀመጡ እርስዎ" አሉኝ።

"ጋሽዬ፣ በእመቤቴ!" አልኳቸው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አድርገው በእግራቸው ወደ ኮልፌ ቁልቁል ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት እያሉ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

ሁለት ዓመት። ስቶቭና ካውያ እቤታቸው እያመጣ ያስጠግናቸው የነበረው ሰው ሁሉ ቀረ፤ እግር ያቃጠለ እጅ ማን ያምናል? ውድነሽ የዚያው ሰፈር ሰው ናት፤ እያነከሰች ስትመጣ ካየቻቸው መንገድ ትሻገራለች። እሳቸው ግን እሷን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስክታልፍ ቆመው ይጠብቃሉ አሉኝ። ያ ቂመኛ ሰው በእሷ ላይ ቂም አልያዙም። እኔ ደግሞ በየቀኑ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ የተንጋደደ ጽሕፈታቸውን አያለሁ። አቶ ጌታነህ "ይህን የታክሲ ስም ገንጥለሽ ቁጥር ለጥፊበት" ብሎ አዞኝ ነበር። "ነገ" እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየሁት። ጀግንነቴ ይኸው ነው፤ ፕላስተር አለመገንጠል!

እንግዲህ ጠዋት ያቺ እንጨት እግሬ ሥር ስትወድቅ ነው ሁሉም የተነሳብኝ። ያች እንጨት ናት! ሁለተኛዋ ናት እንጂ ያችው ናት፤ ጋሽ ዘርጋው ስለ ታክሲዋ እንዳሉት። ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ሄድኩ፤ ቆርቆሮውን ገለበጥኩ፤ እያነጠስኩ ፍላሿን አወጣኋት። 18 ማዞሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኳት። ልጅቷ "ምንድን ነው ይሄ? የታክሲ መርሐ ግብር ነው?" አለችኝ። "የሰው ስም ነው" አልኳት።

አምላክ ይይልኝ፣ እንዲያ ጓጉቼ አላውቅም። ሠልስቱ እስኪደርስ እህል አልወረደልኝም። ፊቱን፣ የፊቱን መቀየር እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ንስሐ አባቴ ቢሰሙኝ አይፈቱኝም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሠልስቱ ቀን በፋብሪካው ፒካፕ ከእሱ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። ድንኳኑ በሰፈሩ ሰው ሞልቷል፤ ውድነሽም ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብላ ይሆናል። እኔ በቀጥታ እትዬ ወርቄ ያሉበት ፍራሽ ላይ ሄጄ ዘፍ አልኩ። አቅፈውኝ "የእኔ ልጅ፣ መጣሽልኝ" እያሉ አለቀሱ። አቶ ጌታነህ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጠው። ትንሽ ቆየና ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወንድማችን ዘርጋው ጎበዝ ባለሙያ ነበር። መቼም ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። አንድ ቀን ቢሳሳትም ፋብሪካው ከልቡ ይቅር ብሎታል። ነፍሱን በገነት ያኑርልን" አለ።

ይቅር ብሎታል! ልጮህ ነበር፤ ግን አረፋውን ግፈፊ ያሉኝ ትዝ አሉኝ። ተነሳሁ። ቀስ ብዬ፣ ሳልጮህ፣ ወረቀቱን ዘረጋሁ።

"እትዬ ወርቄ ይፍቀዱልኝ" አልኩ። "ይህ ውድነሽ የተቃጠለችበት ቀን ኮንትሮለሩ የጻፈው ነው። ጋሽ ዘርጋው እያንዳንዱን ማሽን በፌርማታ ስም ነበር የሚጠሩት፤ ሳንሱሲ ማለት ማብሰያው ጋን ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ የሳይረን ማጥፊያ ተጫነ። አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ሳንሱሲ ወደቀ፤ አላርም ተነሳ። አምስት ተኩል፣ ማጥፊያ ተለቀቀ። አላርሙ ተሞልቶ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ሞልተውት ነበር። ያልጮኸው ታፍኖ ነው። ያን ጊዜ እሳቸው ቀብር ላይ ነበሩ፤ ከእናንተ መካከል አብሯቸው አፈር የመለሰ አለ። ማጥፊያዋን በክብሪት እንጨት የሸጎጠው አቶ ጌታነህ ነው። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። እንጨቷን ነቅሎ ኪሱ ሲከታትም አይቻለሁ። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ አላውቅም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ጌታነህ ዞረ።

"ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ?" አለ አቶ ጌታነህ። "ለቅሶ ቤት እኮ ነው! ጨዋ ሰው የለም እንዴ ጎበዝ፣ ዝም አሰኙልኝ!"

"ዝም የማሰኘቱ ነገር ይቅርብህ" አሉት የእድሩ ሰብሳቢ፣ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን እያደረጉ።

ውድነሽ እያነከሰች ከኋላ መጣች። "ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዘህ መጥተህ 'ዘርጋው ነው ያቃጠለሽ' ያልከኝ አንተ ነህ" አለችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ እኚህን ሰውዬ ስረግም ኖርኩ። ሞታቸውን ስሰማ እሰይ ብያለሁ፤ ትሰማለህ? እሰይ ብያለሁ!" ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞራ "ወረቀቱን ለእኔ ይስጡኝ፤ ፍርድ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ" አለች። ሰጧት።

አቶ ጌታነህ ልማድ ሆኖበት ሲጋራ አውጥቶ ከንፈሩ ላይ ሰካ፤ ኪሱን ዳበሰና ክብሪቱን አወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ዓይኑን ክብሪቷ ላይ ተከለ። ክብሪቷን መልሶ ኪሱ ሊከታት ሲል ወደቀችና እንጨቶቹ ሣሩ ላይ ተበተኑ። አላነሳቸውም። ሲጋራው ከንፈሩ ላይ እንደተሰካ በሰው መካከል ወጣ፤ መንገድ የለቀቀለት አንድም አልነበረም። "ወራጅ አለ!" ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ጣፈጠኝ። አልዋሽም፤ እንደ ነጠረ ቅቤ ጣፈጠኝ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች "ተባረኪ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እያሉ ትከሻዬን ይመቱ ነበር። አንዲት አሮጊት ብቻ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ሲሉ ሰማኋቸው፤ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ተመልሼ እትዬ ወርቄ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ወርቄ አያለቅሱም። መሬት መሬቱን ያያሉ።

"ያ ወረቀት ከመቼ ጀምሮ ነው እጅሽ የነበረው?" አሉኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ መዋሸት ግን አቃተኝ።

"ከዚያው ሳምንት" አልኩ።

ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

"ዘርጋው 'ልጅቷ ዘንድ አለ' ይለኝ ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ 'ተው፣ የሰው ልጅ አትጠርጥር፣ ብትይዘውማ ታመጣልህ ነበር' የምለው። ስለ አንቺ ስከራከረው ነው የሞተብኝ።"

መሬቱን ተደግፈው ተነሱ። ሴቶቹ ሊረዷቸው ቢሉ በእጃቸው ከለከሉ። ቤት ገቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያልሰማሁትን ድምፅ፣ ከጓዳ ወንበር ሲጎተት፣ ሰማሁ። በሁለት እጃቸው ይዘውት ወጡ። በሰው መካከል አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ይቀመጡ እርስዎ" አሉኝ።

ለቀስተኛው ክብር የተሰጠኝ መስሎት፣ ወንበሩ እንዲመቸኝ ግራና ቀኝ ገለል አለልኝ። ከፍራሹ ተነሳሁና ተቀመጥኩ።